ስቴንት ከገባልህ በኋላ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ከርመን፣ ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) አጋጥሞህ፣ የጠበበውን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዘው ትንሽ ቱቦ፣ ስቴንት፣ እንደገባልህ ከሰው መስማቴ አንጀቴን በላው። እንኳን እግዚአብሔር ማረህ።

ልጆችህ የደም ግፊት መለኪያ ገዝተውልሃል አሉ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ይሻላል፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ሲዛነፍ ያሳስታል። ጠዋት መድኃኒትህን ሳትውጥና ቡና ሳትጠጣ፣ ሽንትህን ሸንተህ፣ ጀርባህን ተደግፈህ፣ እግርህን ሳታነባብር 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አሳርፍ፤ ማሰሪያው ከልብህ ትይዩ፣ በሹራብ ላይ ሳይሆን በገላህ ላይ ይሁን። በ1 ደቂቃ ልዩነት 2 ጊዜ ለክተህ ሁለቱንም ጻፍ። ማታም እንዲሁ። ማሰሪያው ለክንድህ ከጠበበ ወይም ክንድህ ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ነው።

ስማርት ሰዓት እርምጃ ለመቁጠር ጥሩ ነው። የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ ኢሲጂ ያለውም ቢሆን ግን ሃርት አታክን አይለይም፤ ደረትህን ጨምድዶ ከያዘህ ሰዓቱን ሳታይ ወደ ሆስፒታል። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለውን ስሌትም ተወው፤ የልብ ምትን የሚያቀዘቅዙትን ቢሶፕሮሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የምትወስድ ከሆነ የልብ ምትህ እንደ ድሮው አይጨምርም። ስትራመድ እያወራህ መሄድ ከቻልክ ልኩ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠረህ ቀስ በል።

ለማውራት ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። በአንተው ሕመም ያለፉ አራት አምስት ሰዎች ፈልግና ቴሌግራም ላይ ተሰባሰቡ። ጠዋት ተቀጣጥራችሁ ተራመዱ፤ የቀረውን «ምነው ጠፋህ?» በሉት። ሌሊት የሚቀሰቅሰው ፍርሃት፣ ለሚስትና ለልጅ የማይነገረው፣ እዚያ ይነገራል። ይህን ክኒን አይተካውም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ፦ መድኃኒትም ሆነ የመድኃኒት ምክር ከጓደኛ አትዋስ። አንዱ «ድድህ ከደማ ክሎፒዶግሬሉን አቁም» ይልሃል። ከሃርት አታክ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብዛኛውን ጊዜ አብረው 12 ወር ይወሰዳሉ፤ ቀድሞ ከተቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ ሊገድልም ይችላል። ጥርስ ሊነቀልልህ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ የልብ ሐኪምህን ጠይቅ። ጾም ሲገባም የመድኃኒትህን ሰዓት ከሐኪምህ ጋር አስተካክል እንጂ አትዝለል።

የመድኃኒቶችህን ስምና መጠን፣ ስቴንቱ የገባበትንም ቀን ጽፈህ ኪስህ ያዝ። የወረቀቱን ፎቶና የዚህን ሳምንት ልኬት ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

ወንድምህ