ልጆቻችን ሲያነቡ ላዳመጣችሁ ሁሉ

ትምህርት ከተዘጋ ሳምንት ሆነው። ይህን ምስጋና ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ስጀምር እንባዬ ይመጣል፤ እንባዬን ስጠርግ ወጡ ያርራል። ዛሬ ወጡ ይረር ብያለሁ።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። የማንንም ስም አልጠራም። ሁላችሁንም ልጥራ ብል አያልቅልኝም፤ ጥቂቶቻችሁን ብጠራ ቅሬታ ያመጣል። ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው አባት ደግሞ «ስሜን ከጻፍሽ ደጄን እንዳትረግጪ» ብለውኛል። ያሉትን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «አባባ» ብቻ እላለሁ። ሽሮ ሜዳ የምትኖሩ ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

ያን የኅዳር ስብሰባ እንደገና አልተርክም። የነበርን እናውቀዋለን። ርዕሰ መምህርታችን ወረቀቱን ይዘው፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሰው አንድ መስመር ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ቁጥር ሲነግሩን ቤቱ እንዴት ጸጥ እንዳለ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቁጥሩንም አልጽፈውም። ከእነሱ አንዱ የእኔ ልጅ ነበር፤ ይበቃል።

እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ። በመገናኛ ደብተሩ ላይ በየሳምንቱ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት ግን ሳላነብ ነው። ልጄ ማታ ማታ መጽሐፉን ገልጦ «ያነብልኝ» ነበር። ለካ ክፍል ውስጥ የሰማውን በቃሉ ይዞ ነው። ገጹን እንኳ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር የሚገልጠው። ጉድ እኮ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ሸወደኝ። ወይም እኔ ራሴን ሸወድኩ።

አባባ ወደዚያ ስብሰባ የመጡት ለልጅ ልጃቸው ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ከኋላ ተቀምጠዋል። እኛ ወላጆች በየተራ እየተነሳን ያንኑ አንድ ነገር እንላለን። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ምን አውቄ ነው ልጄን የማግዘው?» ጉልት የምትውለው እናት ይህንኑ አለች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናትም ይህንኑ። ይሄኔ አባባ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ጆሮ ግን አለኝ። ልጆቹን ላኩልኝ፣ ያንብቡልኝ» አሉ። ሰው ሳቀ። ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ቤታቸውን ለማያውቅ ልንገር። አባባ ሸማ ሠሪ ናቸው። ከጋሞ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚሁ ሽሮ ሜዳ ነው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው ይቀመጣሉ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከጎናቸው አግዳሚ ላይ ይደረደሩና ተራ በተራ ጮክ ብለው ያነባሉ። አባባ ሥራቸውን ይሠራሉ። ልጁ ከተደናቀፈ መወርወሪያው ይቆማል።

በቃ፣ ዘዴያቸው ይኸው ነው። አይቆጡም። «ተሳሳትክ» አይሉም። ቀና ብለው እንኳ አያዩም። የመወርወሪያው ድምፅ ብቻ ዝም ይላል። ልጁ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመልሶ ያነበዋል። ሲስተካከልለት መወርወሪያው ይቀጥላል።

ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን በራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አባባ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ሰው ናቸው። መወርወሪያው በቆመ ቁጥር ሸማው ሳያልቅ ይመሻል። ደግሞ ነገሩ የተጀመረው በኅዳር መጨረሻ ነው። ለገናና ለጥምቀት ትእዛዝ የሚጎርፍበት፣ ሸማ ሠሪ ሌሊቱን ጭምር የሚሠራበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን «ዛሬ ይቅርብኝ» ሲሉ አልሰማሁም። ብር ብንሰጣቸው ተቆጡን። ሻይ ብቻ ተቀበሉ። እሱንም ለልጆቹ አከፋፈሉት።

የእኔ ጉድ ልጅ እሳቸውንም ሊሸውድ ሞከረ። አባባ ማንበብ አይችሉም ብሎ፣ ሥዕሉን እያየ ከራሱ ተረት ፈጠረ። አንበሳው ጅቡን አባረረው፣ ጅቡ ወንዝ ገባ... እየሮጠ ያወርደዋል። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። መወርወሪያውም አልቆመም። ከዚያ ቀጥላ የነበረችው ልጅ ያንኑ ገጽ አነበበች። በእሷ ንባብ ጅብ የሚባል ነገር የለም! አባባ መወርወሪያውን አስቀመጡና ሳቁ። ሳቃቸው እስከ ውጭ ይሰማ ነበር ይላሉ። ልጄን ግን አላጋለጡትም። «ያንተ ተረት ጥሩ ነው፤ የመጽሐፉንም ደግሞ እስቲ አሰማኝ» ብቻ አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ገጽ በሁለት ልጆች እንዲነበብ ደነገጉ። የአማርኛ መምህርታችን ይህን ስትሰማ «እኛ ይህን ለማሰብ ስንት ሥልጠና እንወስዳለን» አለች።

ሌላም አለ። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ይህን እኛ አዋቂዎቹ ረስተነዋል። አንዷ ልጅ «ዋና በር» የሚለውን እንደ ውኃ ዋና አላልታ አነበበችው። መወርወሪያው ቆመ። «የዋና በር ምን ዓይነት በር ነው? ውኃ ውስጥ ነው?» ልጅቷ አሰበች፣ አሰበች፣ ከዚያ አጥብቃ አነበበችው። ልብስ ሰፊና ሰፊ ቤትም እንደዚሁ አከራክረዋል። ያነበበውን ካልተረዳ በቀር ማንም ልጅ እነዚህን አይለይም።

ደግሞ አባባ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሁላችንም ልጆቹን እየፈተኑ ነው ብለን አደነቅን። ኋላ ሲያጫውቱኝ ለካ የእውነት አያውቁትም ነበር። የአፍ መፍቻቸው ጋሞኛ ነው፤ የመጽሐፍ አማርኛ ይከብዳቸዋል። ልጆቹ በየቀኑ ለአንድ ትልቅ ሰው የቃል ትርጉም ሲያስረዱ ከረሙ። ቤታቸው ጋሞኛ የሚናገሩት ልጆች ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ያስረዱ ጀመር። እነዚያ በክፍል ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማው ልጆች አባባ ቤት አስተርጓሚ ሆኑ።

ወዴት እየሄድኩ ነበር? አዎ፣ ልጄ።

አንድ ማታ ዕቃ እያጠብኩ እያነበበልኝ ነው። መሃል ላይ አቆመና «እማዬ፣ ስሳሳት ማጠብሽን አቁሚ እንጂ» አለኝ። እጄ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕጉ ይህ ነው። ለሌሎች እናቶች ነገርኳቸው፣ እነሱም ጀመሩት። አንዷ ሽንኩርት መክተፏን ታቆማለች። አንዷ ጥጥ መፍተሏን ታቆማለች። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤቴ ግን ሊጥ እያዞረች ማቆም አትችልም። እሷ አክንባሎውን ኳ ታደርጋለች። ከእነዚህ እናቶች የሚበዙት ስማቸውን ለመጻፍ የሚቸገሩ ናቸው። በስብሰባው «ምን አውቄ» ያሉትም እነሱ ናቸው።

ዐረብ አገር ያለሽው እህቴ፣ አንቺን ለብቻሽ ማመስገን አለብኝ። ልጅሽ ከአያቷ ጋር ነው የምታድገው። አንቺ ሥራ የምትጨርሺው እዚህ ልጆች ተኝተው ነው። እሷ በኢሞ ድምፅ ቀድታ ትልክልሻለች። አንቺ ሌሊት ትሰሚና «ሦስተኛው መስመር ላይ ቸኩለሻል» ብለሽ ትመልሺላታለሽ። ጠዋት ጠዋት ያንን መልእክት ለጓደኞቿ እያሰማች ነው ግቢ የምትገባው። «እናቴ ሰማችኝ» ትላለች። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አልችልም።

መምህራኖቻችን፣ በተለይ አንቺ የሦስተኛ ክፍል አማርኛ መምህርት። ልጆቹን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በሚያነቡት ልክ ከፋፍለሽ በቀን አንድ ሰዓት ያስተማርሽበት ነገር መጀመሪያ አስቆጥቶን ነበር። «ልጄን ከአንደኛ ክፍል ልጅ ጋር?» ብዬ ቢሮ ድረስ መጥቻለሁ። ፊደል የማይለይ ከፊደል፣ ቃል የሚያነብ ከቃል፣ አንቀጽ የደረሰ ከአንቀጽ ይጀምራል ብለሽ በትዕግሥት አስረዳሽኝ። ሕንድ አገር ፕራታም የሚባል ድርጅት ያስፋፋው ዘዴ መሆኑንም ነገርሽኝ። ስለጮህኩብሽ አፍሬያለሁ። ያን ቀን ውኃ ሰጥተሽኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ?

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው ያለፉት ሲባል አገሩ ሁሉ ጮኸ። እኔም ጮኼያለሁ። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ስለ ምንባቡ አንድም ጥያቄ አልመለሱም። ያኔ ማን ጮኸ? እኔ እንጃ።

ርዕሰ መምህርት፣ ውጤቱን ሳይሸፍኑ ስለነገሩን እናመሰግናለን። ቀላል አልነበረም። ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤት መሻሻል አራቱ ዘርፎች ተለጥፈዋል። አራተኛው «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ለእኛ ይህ ቃል መዋጮ ማለት ነበር። ወላጅ ይምጣ ከተባለ ወይ ልጅ አጥፍቷል ወይ ገንዘብ ተፈልጓል። ዘንድሮ ግን «ልጃችሁ ሲያነብ መጥታችሁ ስሙ» ተባልን። ዓርብ ዓርብ በሩን ከፍተው ስላስገቡን፣ እኛ አረፋፍደን ስንመጣም ፊትዎ ስላልተቀየረ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የምገባ እናቶች፣ ቁርስ ባታደርሱ ልጅ በባዶ ሆዱ ፊደል አይገባውም ነበር፤ እናመሰግናለን። ጥበቃው ጋሼ፣ በጠዋት ስለከፈቱልን። የስድስተኛ ክፍል ልጆች፣ ለከተማው ፈተና እየተዘጋጃችሁ ታናናሾቻችሁን ስላስነበባችሁ። ወላጅ መምህር ኅብረት፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ሱፐርቫይዘራችን፣ አሮጌ ተረት መጻሕፍት ያመጣችሁ፣ ከዋሽንግተን የላካችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በትምህርት ለትውልድ ቀለም የቀባችሁና ወንበር የጠገናችሁ፣ ሁላችሁም። ፎቶኮፒ ቤቱም! ልረሳው ነበር። በነፃ ያባዛልንን ብንቆጥረው እኛም እሱም እንደነግጣለን።

የኅዳሩና የግንቦቱ የንባብ ውጤት ወረቀት አሁን ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ሄዳችሁ እዩት። አሁንም የቀሩ ልጆች አሉ፤ የግንቦቱ ወረቀት ዜሮ አይልም። የእኔ ልጅ ግን አንቀጽ ከሚያነቡት ጋር ነው። ቀስ ብሎ ያነባል። ሲገባው ይስቃል። ከዚህ በፊት መጽሐፍ ይዞ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የወላጆች ቀን ዕለት ለአባባ ምን እንስጥ ተብሎ የተደረገውን ክርክር የኮሚቴው ሰዎች ታውቁታላችሁ። የአገራችን ስጦታ ጋቢ ነው። ለሸማ ሠሪ ጋቢ ይሰጣል ወይ? ሁለት ስብሰባ ፈጀብን። በመጨረሻ ሌላ ስናጣ ከገበያው አንድ ደህና ጋቢ ተገዛ። መድረክ ላይ አለበስናቸው። ልጆቹ አጨበጨቡ። አባባ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይህን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ስንት ገዛችሁት?» ነገርኳቸው። ነጋዴው ከእሳቸው የወሰደበትን ዋጋ ደግሞ እሳቸው ነገሩኝ። ሁለታችንም እዚያው መድረክ ላይ ሳቅን። ሰው ደስ ብሏቸው ነው የሚስቁት መስሎታል። ደስም ብሏቸው ነበር።

አባባ ክረምቱንም ልጆቹን እንደሚጠብቁ ንገሪልኝ ብለውኛል። ከሰኞ ጀምሮ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ስለሚያፈስ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልላችሁ ላኩ። ቆርቆሮ ያለው ሰው ካለ ያናግረኝ፤ እሳቸው እንዳይሰሙ ብቻ።

የዚያ ተረት ፈጣሪ ልጅ እናት
ሽሮ ሜዳ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.