ፖምፓው ከመውረዱ በፊት ክዳኑን እዩልኝ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን የአንባቢያን ደብዳቤ ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ትንንሾቹ ትራክተሮች ለፎገራ ዋልካ መሬት አይሆኑም፣ ሞተራቸው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሁለት ክረምት አይዘልቅም ብለዋል። የእኔም ትራክተር እንዲሁ ተብሎለት ነበር። እንዲሸጥ ለደላላ ሁሉ ተነግሮ ነበር። ጥፋቱ ግን የሞተሩ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ያሳፍራል፣ ግን ልናገረው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ማደያ ላይ 11 ዓመት ነዳጅ ቀድቻለሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተጋግዘን ያገለገለ ትራክተር ገዛን። ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ 35 የፈረስ ጉልበት። ወንድሜ ይነዳል፣ ሒሳቡን እኔ እይዛለሁ። እዚያው ፎገራ፣ ወረታና ናበጋ አካባቢ የሩዝ መሬት እናርሳለን፣ በኪራይ።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ ነው። ሰኔ ማለት ለእኛ የዓመቱ እንጀራ ነው። ጠዋት ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ድምፁም ቀጥ ያለ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረሰ በኋላ ወጣ ገባ ማለት ይጀምራል። እምም ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ወንድሜ ነዳጅ ሲሰጠው ጭራሽ ይብስበታል። ከዚያ ጥፍት። ሃያ ደቂቃ አርፎ ሲነሳ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ከሳምንት በኋላ ግን ዕረፍቱም አልሠራ አለ፤ ጨርሶ አልነሳም ይል ጀመር። ባለመሬቱ ማሳው ዳር ቆሞ ያየናል። በሬ የጠመደው ጎረቤቱ ደግሞ ሲያልፍ ሲያገድም ሰላም ይለናል፤ ሰላምታው ሰላምታ አይመስልም።

መካኒክ ጠራን። "አየር ይዟል" አለ። እውነቱን ነው፣ ይዞ ነበር። ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ላይ ያለችውን ቡሎን አላላት፣ በእጅ የምትገፋዋን ትንሽ ፓምፕ ገፋ ገፋ አደረገ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ መልሶ አጠበቃት። ሞተሩ ተነሳ። 1,500 ብር ከፈልን። በማግስቱ ያው። ደግመን ጠራነው፣ ደገመ፣ ደግመን ከፈልን። ያ ሁሉ አየር ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቀም። እኛም አልጠየቅነውም። በሦስተኛው ቀን "ፖምፓው ሞቷል፣ መውረድ አለበት" ብሎ ፈረደ።

ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ወረደ። ጋራዥ ገባ፣ ተፈታ፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያ ጎማው) ተቀየረ፣ 18,000 ብር ተከፈለ። ብሩን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ መካኒኩ የሚያስረዳው ግን ለወንድሜ ነው። እኔ ስጠይቅ "እትዬ፣ ይሄ እኮ የሙያ ነገር ነው" ይለኛል። ትራክተሩ ማሳ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት አረሰ። ወጣ ገባ አለ።

የወንድሜ የክርስትና አባት ጣና ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ዘጌ የሚመላለሱትን የናፍጣ ጀልባዎች ሞተር ሲጠግኑ ነው ያረጁት። አንድ ቀን በሚኒባስ ይዘናቸው ሄድን። ቁልፍ አልያዙም። "አንድ ብርጭቆ አምጡልኝ" አሉ። ከፊልትሮው ሥር ትንሽ ናፍጣ ቀዱና ፀሐይ ላይ አቆሙት። ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል፤ ከናፍጣ ይከብዳላ። ምንም የለም። "ነዳጅሽ ንጹሕ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ የራሴን ሙያ ያመሰገኑልኝ ያህል።

ከዚያ ስለ ጭሱ ጠየቁ። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይም ውሃ አለበት። የእኛ ከሦስቱም አልነበረም፤ እየሳሳ ይጠፋል እንጂ። "እንግዲያው ሊጠፋ ሲል ጥሩኝ" አሉና ጥላ ሥር ተቀምጠው የባለመሬቱን ጠላ ያጣጥሙ ጀመር።

ሞተሩ መዋለል ሲጀምር ተነሱ። ፖምፓውን ዞር ብለውም አላዩት። በቀጥታ ወደ ነዳጅ ታንኩ ሄደው አፉ ላይ የታሰረውን ፌስታል ፈቱት። ሽሽሽ አለ። ነዳጅ አልወጣም፤ አየር ነው የገባው። ሞተሩ ጥቂት ተንገዳገደና ተስተካከለ።

ፌስታሉን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ክዳኑ ግንቦት ላይ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ጠፍቶብን ነበር። ዝናብ እንዳይገባ ብዬ ፌስታሉን በድርቡ አድርጌ በካላማዳሪያ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ማደያ የሠራ ሰው ውሃ ይፈራል። እኛ ጋ በየጊዜው የመሬት ውስጡን ጋን በዘንግ እንለካለን፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት እንቀባለን። በዚያ ዓይን ስመለከተው ፌስታሌ ትልቅ ብልሃት ነበር። ውሃውን ከለከልኩ ብዬ አየሩንም ከለከልኩት።

"ውሃ የሞላ ጀሪካን አጋድመሽ ስትቀጂ እንዴት ነው የሚወርደው?" አሉኝ። ጉል ጉል እያለ ነዋ። "ለምን?" አየር እየገባ። "ይሄም ያው ነው" አሉ። ዋናው ክዳን ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። ናፍጣው በወጣ ቁጥር አየር በእሷ ገብቶ ቦታውን ይተካል። ስትደፈን ታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፣ ፓምፑም እንደልቡ መሳብ ያቅተዋል። ነዳጅ ሲያንሰው ሞተሩ ይወርዳል፤ ፍጥነት የሚቆጣጠረው ጋቨርነር ደግሞ ፍጥነቱን ለመመለስ ነዳጅ ይከፍታል፤ ትንሽ ሲያገኝ ይወጣል። ወጣ ገባው ይሄ ነው።

አየሩስ ከየት መጣ? ከታንኩ ወደ ፊልትሮው የሚሄደው የጎማ ቱቦ ፋሼታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) ሥር ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ ነዳጅ አያንጠባጥብም። ፓምፑ በኃይል ሲስብ ግን ከውጭ አየር ያስገባል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ስላላየን ደህና ነው ብለን ነበር። እሳቸው ከኪሳቸው ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦ አውጥተው ለጊዜው በመሃል አስገቡ። አረፋው እንደ ዶቃ ተከታትሎ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት። ቱቦው 150 ብር፣ ባለ ቀዳዳው ክዳን 400 ብር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋም።

ለዚያ ደብዳቤ ጸሐፊ የምለው ስላለኝ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ሞተርዎ ወጣ ገባ ካለ ከታንኩ ይጀምሩ እንጂ ከፖምፓው አይጀምሩ። ክዳኑን ላላ አድርገው ይሞክሩት፤ ነጻ ነው። ቀጥሎ ቱቦውን፣ ቀጥሎ ፊልትሮውን። የአየር ማጣሪያውንም እንዳይረሱ፤ የገለባ ብናኝ ይደፍነዋል። ጥቁር ጭስ ይተፋል ብለዋል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ማጣሪያው ከተደፈነ መጨሱ አይገርምም። ጉልበት ይጨምራል ብሎ ፖምፓው ላይ ያለችውን የታሸገች ቡሎን ያዞረልዎ ሰው ካለ ደግሞ ጭሱ ከእሷ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ድምፁ በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ) የሚያነክስ ከሆነ፣ አንዱ ሲሊንደር እየሠራ ላይሆን ይችላል። ካፒቴኑ (የወንድሜን የክርስትና አባት እኛ እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ ወደሚረጩት ኢንጄክተሮች የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ ተራ በተራ ትንሽ ያላሉና መልሰው ያጠብቃሉ። ሲላላ ድምፁ ከወረደ ያ ሲሊንደር ይሠራል። ድምፁ ካልተለወጠ በሽተኛው እሱ ነው። ግን አዘጋጁን አደራ፣ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እንዳትቆርጡብኝ። ይህን ለባለሙያ ተዉት፤ እዚያ ያለው ናፍጣ ከ100 ባር በላይ ግፊት አለው፣ በቀጭኑ ሲረጭ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በእጅ መዳሰስ የለም።

ትራክተር ለሚሸጡልንም አንድ ነገር ልበል። ከእኛው ጋር የመጣው መመሪያ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ሥዕሉን ብቻ ነው የምናየው። ሰሞኑን ገለጥ ሳደርገው አራተኛው ገጽ ላይ የክዳኑ ቀዳዳ በቀስት ተጠቁሟል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ሁለት ገጽ አማርኛ ቢያክሉበት ምን ይጎዳቸዋል?

ጋራዡም ሄጄ ነገርኳቸው። 18,000 ብሩን መልሱልኝ አላልኩም፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው። መካኒኩ አንገቱን እያከከ ሰማኝ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜን ሳይሆን እኔን እያየ፣ "እትዬ፣ ክዳን ማን ያያል ብለሽ ነው?" አለኝ።

የቀድሞ ነዳጅ ቀጂ፣ የአሁን የትራክተር ባለቤት
ከባሕር ዳር