የደቻቱን ግንብ ማን ይጠብቀው? የጥገና በጀት ለብቻው ይያዝ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የድሬዳዋ አስተዳደር የመጪውን ዓመት በጀት በሚያዘጋጅበት በዚህ ወቅት ለምክር ቤቱ አባላት አንድ ጥያቄ አለኝ። ለጎርፍ መከላከያ ግንቦችና ለውሃ መውረጃ ቦዮች ጥገናና ጠረጋ፣ በዓመቱ መካከል ወደ ሌላ ሥራ የማይዛወር ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ይያዝልን። አዲስ ግንብ ለመሥራት ካፒታል በጀትም ሆነ የውጭ ድጋፍ ይገኛል። የተሠራውን ማቆየት ግን የከተማዋ የራሷ ሸክም ነው።

ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል፤ ሰው ወንዝ መሆኑን ይረሳዋል። ውሃው የሚመጣበት የደንገጎ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፣ ከተማዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ርቀቱ አጭር፣ ቁልቁለቱ ብርቱ ስለሆነ ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ከዚራና መጋላ በተባሉት የከተማዋ ሰፈሮች ላይ ጠብታ ሳይወርድ ድንጋይና አሸዋ ተሸክሞ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። ስጋቱ የክረምት ብቻም አይደለም፤ በሚያዝያ 2012 የበልግ ጎርፍም ሕይወት ጠፍቷል።

ከ1998 ወዲህ በወንዙ ዳር ግንብና ጋቢዮን ተሠርቷል። ጋቢዮን ዚንክ በተቀባ ሽቦ የተሠራ፣ ድንጋይ የሚሞላ ሣጥን ነው፤ የተለመደው መጠን 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር፣ የመረቡ ቀዳዳ ደግሞ 8 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የማይፈረፈር መሆን አለበት። ፊቱ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ተደርድሮ መሃሉ በኮረት ከተሞላ፣ ጎርፍ ሲያናውጠው ኮረቱ በቀዳዳው እየሾለከ ይወጣል፤ ሣጥኑ ይጎደጉዳል፣ ከላይ የተደረበውም ይሰምጣል። ሲሞላ በየ33 ሴንቲ ሜትሩ ከፍታ የፊቱንና የጀርባውን መረብ የሚይዝ ማሰሪያ ሽቦ ካልገባም ሆዱ ይነፋል። ከጀርባው ማጣሪያ ጨርቅ ካልተነጠፈ ደግሞ አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል እየታጠበ ይወጣና ግንቡ እንደቆመ ከኋላው ያለው መንገድ ይሰረጉዳል።

ይሁንና ጋቢዮን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከእግሩ ነው። ጎርፉ ሥሩ ያለውን አሸዋ ሲጠርገው መሠረቱ ባዶ ላይ ይንጠለጠልና ግንቡ ወደ ወንዙ ይጋደማል። መከላከያው ከግንቡ እግር ወደ ወንዙ መሃል የሚዘረጋ፣ ውፍረቱ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጋቢዮን ምንጣፍ ነው። አሸዋው ሲሸሽ ምንጣፉ ታጥፎ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና እግሩን ይሸፍናል። ሲሠራ አሸዋ ስለሚለብስ ዐይን አያየውም፤ ወጪ ይቀነስ ሲባል ለመሰረዝ የሚቀለውም እሱ ነው። ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች በዚህ አንድ ነገር ላይ ፈጽሞ ሊደራደሩ አይገባም።

አሸዋ የሚጭኑ መኪኖችም ከዚሁ ጋር ይታያሉ። ከወንዙ መሃል በልክ ሲወሰድ የውሃውን መንገድ ስለሚከፍት፣ በተለይ ድልድይ ሥር የተከመረው ሲነሣ ይጠቅማል። ከግንቡ ጥግ ሲቆፈር ግን ጎርፍ የሚሠራውን ሥራ ቀድሞ መሥራት ነው። የሚቆፈርበትን ቦታ በቀለም ችካል መለየት፣ ከግንቡ ቢያንስ 20 ሜትር ማራቅና ከአሸዋው የሚሰበሰበውን ገቢ ለዚሁ ጥገና ማዋል ይቻላል።

ወደ ሰፈር ቦዮች እንምጣ። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና 70 በመቶው ቢፈስ፣ ከአንድ ሄክታር ጣሪያና ኮብልስቶን በሰከንድ 100 ሊትር ገደማ ውሃ ይወርዳል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በ100 ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ የድንጋይ ቦይ ሙሉ ሲሆን በሰከንድ 600 ሊትር አካባቢ ያሳልፋል፤ የስድስት ሄክታር ውሃ ማለት ነው። ግማሹ በደለል ሲሞላ ግን የሚያሳልፈው 250 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ቦዩ ሲያንስ ውሃው ከግድግዳው ጋር የበለጠ ስለሚፋተግ ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል። የቀረው ውሃ ወደ መንገድና ወደ ሰው ቤት ይገባል። በዚህ ላይ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክና የጫት ገረባ ቱቦው አፍ ላይ ሲጠራቀም 250ውም አያልፍም።

የጠረጋውን ወጪ ማስላት ቀላል ነው። በዚህ ቦይ ውስጥ ግማሽ ድረስ የሞላ ደለል በኪሎ ሜትር 180 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲቆፈር አብጦ ወደ 220 ይጠጋል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 14 ምልልስ ይሆናል። የመኪናው፣ የነዳጁና የመድፊያው ቦታ ወጪ በዕቅዱ ካልገባ ደለሉ ቦዩ ዳር ይከመራል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፣ የተከፈለውም የጉልበት ዋጋ አብሮ ይታጠባል። ድሬዳዋ ችግረኞች ለሕዝብ ሥራ ክፍያ የሚያገኙበት የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ቦይ የሚጠርግ ጉልበት በዚያ በኩል ይገኛል። መኪናው ግን ከአስተዳደሩ በጀት መምጣት አለበት። የቦይ ክዳንም እንዲሁ ይታሰብበት። 80 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 የሆነ ክዳን ወደ 96 ኪሎ ይመዝናል፤ መያዣ ካለው ሁለት ብርቱ ሰው ያነሣዋል። በ50ው ፈንታ አንድ ሜትር ከሆነ ግን ክብደቱ እጥፍ ነው፤ ማንም አያነሣውም፣ ሥሩም አይጠረግም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጊዜ ሰሌዳው ነው። የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው ሐምሌ 1፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ጨረታ ተዘጋጅቶ፣ ወጥቶ፣ ተገምግሞ ውል እስኪፈረም ጥር ከደረሰ፣ ሥራ ተቋራጩ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የመጋቢት በልግ ይቀበለዋል። ሥራው ይቋረጣል፤ ሰኔ 30 ሲመጣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ወንዙ ውስጥ በደህና የሚሠራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ስለዚህ ዲዛይንና የጨረታ ሰነድ በግንቦት ያልቅ፤ ለመኪናና ለኤክስካቫተር ኪራይ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ጨረታ የማያስፈልገው የማዕቀፍ ስምምነት ይፈረም። አንዱ የቦይ ጠረጋ በየካቲት መጨረሻ፣ ሁለተኛው በሰኔ አጋማሽ ይጠናቀቅ። በመስከረም ባለሙያ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይየው፤ የተቆረጠ ሽቦ፣ የተጋለጠ እግር፣ የሰረጎደ መንገድ በፎቶና በቦታ ይመዝገብ። የጥቅምት ሥራ ከዚያ ዝርዝር ይነሣል።

የላይኛው ተፋሰስ ከፊሉ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ስለሆነ እርከንና የድንጋይ ክትር ለመሥራት ከኦሮሚያ ጋር የጋራ በጀት ያስፈልጋል። ክትሩም በደለል ሲሞላ ከፍ ካልተደረገ ጥቅሙ ያበቃል። ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ከተማዋ እንድትጠነቀቅ ደንገጎ ላይ የዝናብ መለኪያ አንባቢ፣ ስልክና ለሌሊት ተረኛ አበል ማዘጋጀት ደግሞ ከአንድ ግንብ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ምክር ቤቱ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት ከየቀበሌው ሦስት ቁጥሮች ይጠይቅ፦ ስንት ሜትር ቦይ አለ? ባለፈው ሰኔ ስንቱ ተጠረገ? ስንት መኪና ደለል ተነሥቶ የት ተደፋ?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የውሃ ግንባታ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ