የኪራይ ውል ያለ ቆጣሪ ንባብ ጎዶሎ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የቤት ኪራይ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ ዋጋ ያደላል። ዋጋው መነሳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ባሉት ጠባብ ግቢዎች፣ ባለቤቱ ዋናው ቤት፣ ሦስትና አራት ተከራይ ደግሞ ከጓሮ ባሉት ሰርቪሶች በሚኖሩበት ቦታ፣ ሰው የሚቀያየመው በአብዛኛው በኪራዩ መጠን አይደለም። የሚቀያየመው በመብራት ሂሳብ፣ በውሃ፣ በምጣድ ተራ፣ እንዲሁም ‹‹ስገባም ተሰብሮ ነው ያገኘሁት›› በሚለው ክርክር ነው። ‹‹አስቸጋሪ ተከራይ›› ከሚባሉት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ሳይለካና ሳይጻፍ በቀረ ነገር የተነሳ አስቸጋሪ የሆኑ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም መፍትሔው በእጃችን ስላለ ነው የምጽፍላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዟል። ይህ ለተከራዩ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ልንደግፈውም ይገባል። አነስተኛ አከራዮች ግን አንድ ነገር ልብ ማለት አለብን። ድሮ ‹‹አልተግባባንም፣ በወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ›› ተብሎ ይዘጋ የነበረው ቅሬታ አሁን ሁለት ዓመት አብሮን ይከርማል። ደላላው ባመጣው ሰው ላይ ለአሥር ደቂቃ ዓይን ጥሎ ቁልፍ ማስረከብ ከእንግዲህ አያዋጣም።

ከመብራቱ ልጀምር፤ የጠቡ ሁሉ እናት እሱ ነውና። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ዋና ቆጣሪ ሲጠቀም ለየብቻቸው ቢሆኑ ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚቀሩ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ ላይኛው ይወጣሉ። ስለዚህ ‹‹እኔ እኮ አንድ አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ያለኝ›› የሚለው ተከራይ ውሸታም አይደለም። በአምፖል፣ በፍሪጅ ወይም በሰው ቁጥር ማካፈልም ፍትሕ አይሰጥም። ፍሪጁ አሮጌ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ በሳምንት አንድ ቀን ሲጋግር ሌላው ሦስት ቀን ይጋግራል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍል ከዋናው ቆጣሪ በኋላ የራሱን ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ሥራውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ዋናው ሚስጥር ግን ሂሳቡ ላይ ነው። የወሩን ጠቅላላ ሂሳብ ለዋናው ቆጣሪ ጠቅላላ ፍጆታ አካፍሉና የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት አማካይ ዋጋ አውጡ፤ ከዚያ በየክፍሉ ንባብ አባዙት። ለሂሳቡ እንዲቀል፣ ዋናው ቆጣሪ 460 ኪሎዋት ሰዓት ቢያነብና ሂሳቡ 1,840 ብር ቢመጣ አማካዩ 4 ብር ነው። ትንንሾቹ 90፣ 140 እና 180 ካነበቡ ሦስቱ ተከራዮች 360፣ 560 እና 720 ብር ይከፍላሉ። ድምሩ 410 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቀረው 50 የባለቤቱ ቤት፣ የግቢው መብራት፣ የውሃ መሳቢያው ፓምፕና በሽቦ ላይ የሚባክነው ነው፤ እሱን የሚሸፍነው ባለቤቱ ነው። ያንን 50 በተከራዮቹ ላይ ማደል የተለመደ ስህተት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተደረሰበት ከዚያ በኋላ የምታሳዩትን ደረሰኝ የሚያምን አይኖርም። የወሩ ሂሳብ ፎቶ ተነስቶ ለሁሉም በስልክ ይላክ፤ ንባቡም በየወሩ በአንድ ቀን፣ ተከራዩ ባለበት ይነበብ።

ትንሿ ቆጣሪ ራሷ ተጠርጣሪ ስትሆን መፈተሽ ቀላል ነው። በክፍሉ ያለው ሁሉ ከሶኬት ተነቅሎና ጠፍቶ ቀይዋ መብራት ብልጭ ማለቷን ካላቆመች የሌላ ክፍል መስመር በእሷ በኩል ያልፋል ማለት ነው፤ በአሮጌ ቤቶች ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በቆጣሪዋ ፊት ላይ 1600 የሚል ቁጥር ካለ 1,600 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚል ማሞቂያ ብቻውን ለስድስት ደቂቃ ቢበራ ወደ 160 ብልጭታ መቁጠር አለባት። የቤቱ ቮልቴጅ ዝቅ ካለ ቁጥሩም ትንሽ ይቀንሳል። ብልጭታው 230 ወይም 240 ከደረሰ ግን ቆጣሪዋ ትቀየር። ዋናው ቆጣሪ ባለካርድ ከሆነ ደግሞ የካርዱ ገንዘብ ሲያልቅ ግቢው በሙሉ ይጨልማል፤ ስለዚህ መዋጮው ወር ሳይጠብቅ በየሳምንቱ ቢሰበሰብ ይሻላል።

የምጣዱን ነገር ለብቻው ማንሳት አለብኝ፤ የእሳት አደጋ ስለሚያመጣ። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.5 ኪሎዋት የሚስበው በ220 ቮልት 16 አምፔር ይወስዳል። ይህ ለአንድ ተራ የሶኬት መስመር፣ ማለትም ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር (ከልክ በላይ ሲሳብ መስመሩን የሚቆርጠው) ላለው፣ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽቦው ጠቁሮ ይሰባበራል። ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር ‹‹ደካማ ነው›› ተብሎ በባለ 32 ሲተካ ደግሞ ከለላው ጠፋ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ለምጣድ ለብቻው ባለ 4 ሽቦ ተስቦ፣ ባለ 20 ወይም ባለ 25 ብሬከር ይደረግለት፣ መሬት መስመሩም አይረሳ። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከተነሳ 32 አምፔር ገደማ ስለሚሆን የግቢው ዋና መስመር ላይችለው ይችላል። የምጣድ ተራው ማን በየትኛው ቀን እንደሚጋግር ተጽፎ ቆጣሪው አጠገብ ይለጠፍ፤ ለዓመት በዓል ዋዜማዎችም የሰዓት ተራ ይውጣ፣ ያን ቀን ሁሉም ሰው መጋገሩ አይቀርምና።

ወደ ርክክቡ ልለፍ። ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱ ወገኖች ክፍሉን አብረው ይዙሩት፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የሚመዘገበው የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ቁጥርና ንባብ፣ የቁልፍ ብዛት፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የኮርኒሱ እድፍ (የቆየ ፍሳሽ ምልክት ነው)፣ የቧንቧና የሽንት ቤት ሁኔታ፣ የሶኬቶችና የማብሪያ ማጥፊያዎች ጤንነት ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ፣ ወለሉና ጣሪያው በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ፎቶዎቹም በዚያው ቀን ለተከራዩ ይላኩ። መላኩ ቀኑን ያስመዘግባል፣ በኋላም ማንም ‹‹አላየሁም›› አይልም። ተከራዩ ሲወጣ ያው ወረቀት ተይዞ በድጋሚ ይዞራል። በሁለት ዓመት የደበዘዘ ቀለም የተከራዩ ዕዳ አይደለም፤ ቤት ሲኖሩበት ያረጃል። በምስማር የተቦዳደሰ ግድግዳና የተሰበረ መታጠቢያ ግን ዕዳ ነው። ይህን ልዩነት አከራዩ ራሱ ካላከበረ ተከራዩ የመጨረሻውን ወር ኪራይ ሳይከፍል መውጣት እንደ መብቱ ይቆጥረዋል።

የመክፈያው ቀን ላይ ብዙ ሰው አያስብበትም። ደመወዙን በፈረንጅ ወር መጨረሻ የሚቀበል ተከራይ ገንዘቡ የሚገባለት በእኛ አቆጣጠር ወሩ ከ20 በኋላ ሲሆን ነው። ‹‹ወር በገባ በ5›› የሚል ውል ከፈረመ ገንዘቡን ከአሥር ቀን በላይ ይዞ መቆየት አለበት፤ በየወሩ መዘግየቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። ለእንዲህ ያለው ሰው መክፈያውን 25 ማድረግ ወጪ የሌለው መድኃኒት ነው። ጳጉሜንም በውሉ ላይ ትጻፍ። በልማድ ለብቻዋ አትከፈልም፤ ካልተጻፈ ግን በመስከረም አንዱ ጭቅጭቅ ትሆናለች። ክፍያው በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲላክ ምክንያቱ ላይ ‹‹የጥቅምት ኪራይ›› ተብሎ የወሩ ስም ይግባ፤ ኪራይና መብራትም አንድ ላይ ሳይደመሩ ለየብቻ ይላኩ። የተደባለቀ ገንዘብ የየትኛው ወር ዕዳ እንደተከፈለ ማስረዳት ያስቸግራል።

ከፍሎ የማያውቀውንና መክፈል ያቃተውን ግን ለዩ። ቀኑ ባለፈ ማግስት በአካል ሄዶ በትሕትና መጠየቅ፣ በአምስተኛው ቀን አጭር የስልክ መልእክት መላክ፣ በአሥረኛው ቀን ደግሞ በሁለት ቅጂ ደብዳቤ መስጠት ይበቃል። ደብዳቤው የየትኛው ወር ስንት ብር እንደቀረ ብቻ ይናገር፤ ስድብና ዛቻ ኋላ ዳኛ ፊት የሚጎዳው የጻፈውን ነው። ተከራዩ አንዱን ቅጂ ይፈርምበት፤ እምቢ ካለ ሁለት ምስክሮች ‹‹ተነቦለት አልፈርምም ብሏል›› ብለው ይፈርሙ። ሥራ ለተቋረጠበት ሰው ውዝፉን መከፋፈል ይቻላል። ኪራዩ 8,000 ሆኖ ሁለት ወር ከተወዘፈ፣ ከመደበኛው ኪራይ ጋር በየወሩ 4,000 እየጨመረ በአራት ወር ይጨርስ። ከኪራዩ ግማሽ በላይ መጫን በሁለተኛው ወር ሁለቱንም ያሳጣል። ግማሽ ክፍያ ስትቀበሉ ደግሞ ቀሪውን ደረሰኙ ላይ ጻፉ።

ምንም ቢብስ መብራት መቁረጥ፣ በር መንቀል፣ ቁልፍ መለወጥ አይገባም። ሰብአዊነት የጎደለው ድርጊት ነው፤ ከዚያም በላይ ገንዘብ ጠያቂ የነበረውን አከራይ ሁከት ፈጠርክ ተብሎ ተከሳሽ ያደርገዋል። ተመዝግቦ የተቀመጠውን ውል፣ ደብዳቤዎቹንና የባንክ መግለጫውን ይዞ መጀመሪያ ወደ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። በሩን ቆልፎ የጠፋ ተከራይም ቢሆን ክፍሉ ለብቻ አይሰበርም፤ ለፖሊስና ለወረዳው ተነግሮ፣ በምስክሮች ፊት ዕቃው አንድ በአንድ ተመዝግቦ ነው የሚከፈተው።

ደባልን በተመለከተ አጭር ነው። ውሉ ዝም ካለ ክርክሩ አያልቅም፤ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ተጨማሪ ሰው ሲመጣ በጽሑፍ ማስታወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ክፍሉ ለንግድ እንደማይውል ከመጀመሪያው ይጻፍ። አከራዩም በበኩሉ ሳያንኳኳና ሳያስታውቅ እንደማይገባ ይፈርም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሮቶው መጠን ከሰው ቁጥር ጋር ይመዛዘን። አሥር ሰው ቆጥቦ በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ይፈጃል፤ ባለ 2,000 ሊትሩ ሮቶ የሚያዘልቀው አምስት ቀን ብቻ ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በሁለት ሰዓት የምትሞላ ቀጭን ፍሳሽ በቀን 240 ሊትር ትወስዳለች፤ የስድስት ሰው ድርሻ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምትገኘው ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት ቀለም ጠብ አድርጉና ውሃ ሳትለቁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከታች ቀለም ከታየ ጎማው አልገጠመም። ተከራይ ‹‹ውሃ አባከንክ›› ከመባሉ በፊት ይህ ይፈተሽ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድና የጣሪያው ቆርቆሮ የባለቤቱ ሥራ ናቸው፤ የሁለቱም ሥራ ግንቦት ላይ ማለቅ አለበት። ሰኔ ከገባ መምጠጫ መኪናው ጭቃ ውስጥ አይገባም፣ አሸንዳውም በቅጠል እንደተደፈነ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሳል። የጭቃ ቤት ከሥር ከረጠበ ምርጉ ይረግፋል፤ ለዚያ ተከራዩን መውቀስ በደል ነው።

ጥያቄዬ ለከተማው አስተዳደር ነው፤ ጋዜጣችሁም እንዲያደርስልኝ እለምናለሁ። ወረዳዎች የኪራይ ውል ሲመዘግቡ አንድ ገጽ አባሪ ይቀበሉ፦ የርክክብ ዝርዝር፣ የቆጣሪዎች ንባብ፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ አከፋፈል፣ የነዋሪዎች ቁጥር፣ የጥገና ድርሻ። ሁለቱም ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይደረግበት፣ ከውሉ ጋር ይያዝ። ለአዳዲሶቹ አከራዮችም ሆነ ለተከራዮች ባዶው ቅጽ በየወረዳው በር ላይ በነጻ ቢቀመጥ፣ ሁለት ዓመት አብረው የሚኖሩት ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አነስተኛ አከራይ
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ