አንድ እግር አይበቃም

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 15

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እናቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጥምቀትን ባሕር ዳር የዋለችው አክስትሽ ከትናንት ወዲያ ተመልሳ ሁለት ወሬ ነገረችን። አንደኛው ወባ ይዞሽ ዘጠኝ ቀን መተኛትሽ ነው። እናትሽ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ለምን አልደወልሽም? ከዚህ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት መንገድ ነው? ተሽሎኛል ብለሽ ክኒኑን ሳትጨርሺ እንዳታቋርጪ። አጎበሩንም ጠርዙን ፍራሽ ሥር ሳትወትፊ አትተኚ።

ሁለተኛው ወሬ ቶማቲዮሽ፣ ያ የቲማቲም ዘመድ የሆነው ባለ ሽፋን ኮምጣጣ አትክልት፣ አበባውን ያረግፋል፣ አንድም ፍሬ አልያዘም የሚል ነው። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የኔ ነው። ኅዳር ላይ ስትሄጂ አራት ችግኝ ነበረኝ። በአውቶቡስ እንዳይከብድሽ ብዬ አንዷን ብቻ በወተት ቆርቆሮ አስያዝሁሽ። ሦስቱን እዚሁ አስቀረሁ። እነሱ ዛሬ ቅርንጫፋቸው መሬት እስኪነካ አፍርተዋል። በነሱ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ያንቺዋ ትታሰበኛለች።

ልጄ፣ ቶማቲዮ አንድ እግር ብቻውን አያፈራም። ቲማቲምም ቃሪያም አንድ እግር ቢሆን ያፈራል። እንደሱ ፋኖስ መሳይ ሽፋን ያለው የሥጋ ዘመዱ የፈረንጅ አውጥ እንኳ ብቻውን ያፈራል። ይሄ ግን ከሜክሲኮ ሲመጣ ጠባዩን ይዞ ነው የመጣው። አበባው ወንዴም ሴቴም አካል እያለው የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ብናኙ ቢያርፍበትም ወደ ውስጥ ዘልቆ አያስጸንስም። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ከነአንገቱ ይረግፋል።

አክስትሽ ደግሞ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ በውሃ ሥር አስወጥተሽ አጠገቧ እንደተከልሽ ነገረችኝ። ሥር ማውጣቱ እውነት ነው፤ በሳምንት ያወጣል። ግን ያ ሁለተኛ እግር አይደለም፤ ያችው ራሷ በሁለት ቦታ መቆሟ ነው። አሥር ቅርንጫፍ ብትተክይ አሥሩም አንድ ናቸው። ከሌላ ዘር የበቀለ ሌላ እግር ያስፈልጋታል። ያንን ንቀይና ቦታውን ልቀቂ። እናቲቱን ግን እንዳትነቅያት፤ ማበቧን አታቆምምና ሌሎቹ እስኪደርሱ ትጠብቃለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንድምሽ ሦስት ችግኝ ይዞልሽ ይመጣል። አምና ከረገፈው ፍሬ የበቀሉ ወፍ ዘራሾች ናቸው፤ ቁመታቸው አንድ ስንዝር ነው። ሦስት ያልሁት አንዷን ቆራጭ ትል ቢበላት ብዬ ነው። በዚያም ላይ ከአንድ ፍሬ የወጡ እኅትማማቾች አንዳንዴ እርስ በርስ አይቀባበሉም።

እስከ ቅዳሜ መደቡን አዘጋጂ። የግቢሽ አፈር ጥቁር ነው፣ ውሃ ያቁራል፤ የቶማቲዮ ሥር ደግሞ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው። በእግርና በእግር መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ተዪ። ችግኟ ትንሽ ናት ብለሽ አታጠጋጊ፤ ወደ ጎን አንድ ሜትር ትዘረጋለች። በየጉድጓዱ ሦስት እፍኝ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅዪ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዩሪያ የሚባል እንዳታስጠጊ፤ ዛፍ የሚያህል ቅጠል ይሰጥሽና አበባ ይነፍግሻል። ድንች ወይም ቲማቲም ጠውልጎ የሞተበት ቦታ ከሆነ መደቡን ወደ ሌላ አዙሪው፤ አጠውልግ በሽታው አፈር ውስጥ ይቆያል።

የምትተክዪው ፀሐይ ሲበርድ፣ 11 ሰዓት ገደማ ይሁን። የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሰሽ ግንዱን እስከ ግማሹ ቅበሪው፤ የተቀበረው ሁሉ ሥር ያወጣል። ለቆራጭ ትል የሃይላንድ ፕላስቲክ ላይና ታቹን ቆርጠሽ እንደ ቀለበት አጥልቂላት፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈር ይግባ። ችካሉን በዚያው ዕለት ትከዪው። ከርሞ ስትወድቅ ልደግፍ ብትዪ ሥሯን ትወጊያለሽ።

ውሃ ለአንድ እግር በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃታል፣ በሁለት ቀን ከፍለሽ። ከሥር አጠጪ እንጂ ቅጠል ላይ አታፍሺ፤ እርጥብ ያደረ ቅጠል ምች ይመታዋል። የጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል ጎዝጉዢ፣ ግንዱን ግን አያስነካ። በጀሪካንና በባልዲ ያለውን ውሃ ሳትከድኚ አታሳድሪ! ትንኟ የምትፈለፈለው እዚያ ነው። ለአትክልት ብለሽ ወባ እንዳታረቢ።

ቅጠል ላይ ነጭ መንገድ የመሰለ ቡጭርጭር ካየሽ ቅጠል ሰርሳሪ ትል ገብቶበታል። ገና ሲጀምር ቅጠሉን ቀንጥሰሽ በፌስታል ቋጥረሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩዪ። አበባዋ ላይ ከረጨሽ ንቦቹን ትገያለሽ፤ ንብ ከሌለ ደግሞ ሦስት እግር ይሁን ሠላሳ፣ ብናኝ የሚያደርስላቸው የለም። ንብ ከጠፋ ጧት 4 ሰዓት ገደማ፣ ቢጫው አበባ ሲከፈት፣ በዶሮ ላባ ጫፍ የአንዷን አበባ ነክተሽ የሌላዋን ንኪ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ነው ያልሁሽ፤ በዚያችው በአንዷ ላይ ብታመላልሺው ከንቱ ድካም ነው።

ከያዘች መጀመሪያ የሚያድገው ሽፋኑ ነው። ባዶ ፊኛ መስሎ ሲንጠለጠል እንዳትደነግጪ፣ ፍሬው በኋላ ይሞላዋል። ከአበባ እስከ ለቀማ አንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። የሚለቀመው ፍሬው ሽፋኑን ወጥሮ መሰንጠቅ ሲያስጀምረው፣ ገና አረንጓዴና ጠንካራ ሳለ ነው። ቢጫ እስኪሆን ከተውሽው ይጣፍጣል፣ ግን ኮምጣጣነቱን ያጣል። ሽፋኑንና ቅጠሉን ማንም እንዳይበላ፣ መርዝነት አላቸው። ፍሬው ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለ፤ ለብ ባለ ውሃ ይለቃል። ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ምጣድ ላይ ጠበስ አድርገሽ በጨው ፍጪው፤ ለጾም እንደ ዳጣ ነው።

ለመጠባበቂያ በዚህ ፖስታ ውስጥ በሁለት ወረቀት ለየብቻ የጠቀለልሁት ዘር አለ፣ ከሁለት እግር የለቀምሁት ነው። አትቀላቅዪው። ከሁለቱም ዝሪ እንጂ ከአንዱ ብቻ እንዳትዘሪ።

ወንድምሽ ሲመጣ እናትሽ በሶና ቅቤ ትልካለች። እንዴት እንደከሳሽ አይቶ እንዲነግረኝ አዝዤዋለሁ፤ እንዳትደብቂው። ቆርቆሮዎቹን ባዶውን መልሺለት፣ ለሚቀጥለው ችግኝ እፈልጋቸዋለሁ።

አባትሽ