ባንኮክ ከመሄድሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ለዕረፍትሽ ባንኮክ እንደምትሄጂ ስሰማ ደስ አለኝ። የገበያውን ነገር ጓደኞችሽ ያውቁታል። እኔ ስለ መነኮሳቱ ልጻፍልሽ። ዕቃ ለማምጣት እዚያ በምመላለስበት ዘመን ልቤን የያዙት እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን እንኳ ማልደሽ ተነሺ። ንጋት ላይ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው፣ ሳህናቸውን ታቅፈው ለምጽዋት ይወጣሉ። ፕራቱናም ገበያ አጠገብ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በላስቲክ የታሰረ ሩዝና ወጥ ይዛ ትጠብቃቸዋለች። መነኩሴው ሲደርስ ጫማዋን ታወልቃለች። እሱ ክዳኑን ይከፍታል፣ እሷ ታስቀምጣለች። ከዚያ በርከክ ብላ እጆቿን ታጋጥማለች፤ አጠር ያለ ምርቃት ያዜምላትና ይሄዳል። ምስጋና የለም። በእነሱ እምነት ተጠቃሚዋ ሰጪዋ ናት፤ እሱ በጎ ሥራ የምትሠራበትን ዕድል ይዞላት መጣ። እኔን የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ። ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል አያትሽ እንዴት ትጣደፍ እንደነበር! ሌላ ደጅ እንዳይሄድባት ነው እኮ።

መስጠት ከፈለግሽ ጠዋት ይሁን። ከቀትር በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት እህል አይቀምሱም። ሴት ስለሆንሽ አትንኪያቸው፤ ሳህኑ ውስጥ አስቀምጪ ወይም የሚዘረጉት ጨርቅ ላይ አኑሪ። 227 ደንብ አለባቸው፣ ይሄም ከዚያ የመጣ ነው። ወጣት መነኩሴ ካየሽ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ላይሆን ይችላል። ብዙ ወንዶች ለአንድ ክረምት፣ ሦስት ወር ያህል መንኩሰው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ክረምታቸውም እንደኛው ሐምሌ አካባቢ ይገባል።

«እማዬ፣ የሌላ ሃይማኖት ቤት መግባት ኃጢአት አይደለም?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ዋት ፖ የሚባለው ገዳም ውስጥ 46 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ አለ። አልሰገድኩም። ማንም ስገጂ አላለኝም። ጫማዬን አውልቄ፣ ትከሻዬን ሸፍኜ አይቼ ወጣሁ። ማተቤም አንገቴ ላይ ነበር።

ፎቶ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ፤ ምክንያቱን ስሚኝ።

ኢየሩሳሌም ስሄድ ዴር ሱልጣንን ተሳለምኩ። የኛ መነኮሳት የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው የሚኖሩት። በፈረንጆቹ 1838 ወረርሽኝ ጨረሳቸው፣ የይዞታ ሰነዶቻቸውም ተቃጠሉ። ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ያለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። እዚያ ያሉት የሁለቱ ቤተ መቅደሶች ቁልፍ በኛ መነኮሳት እጅ የገባው በ1970 ነው፣ ያም በፈረንጆቹ። ለጥገና እንኳ እንደልባቸው አይደሉም። እንዲያም ሆኖ ቅዳሴው አይታጎልም። ይሄን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ግቢው መሀል የቅድስት ዕሌኒ ቤተ መቅደስ ጉልላት ከመሬት ወጥቶ ይታያል። ዙሪያውን ደግሞ በራቸው ዝቅ ያለ ጎጆዎች አሉ። አንድ አረጋዊ አባት በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አንዲት ቱሪስት ሰላም እንኳ ሳትል ካሜራዋን ፊታቸው ላይ ደቀነችው። አንዴ አነሳቻቸው፣ ደገመች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ጎጆው አስግጋ ውስጡን አነሳች። አባ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ ጠጋ ብዬ «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። አገር ቤት ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሴትዮዋ ቆማ ታየናለች። እሳቸው የሚያወሩ ሰው መሆናቸው ገና ያኔ የገባት ይመስለኛል።

ያ ባንኮክ የምታገኚው መነኩሴም የአንዲት እናት ልጅ ነው። እንደኛው አባ እየው። ፎቶ ካማረሽ አስፈቅጂ፤ እንቢ ካለሽ ወይም ዝም ካለሽ ተይው።

ኢየሩሳሌም አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን። ለአሁኑ ግን ጉልበትሽን የሚሸፍን ቀሚስና አንድ ነጠላ ሻንጣሽ ውስጥ ይግባ። ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ ሌሊት ቢሆንም።

እናትሽ