ልውጥ ባክቴሪያ ወደ ጣና ዳር ማሳ ከመግባቱ በፊት

ይድረስ ለኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሰብል ፈንገስን ለመከላከል የሚውሉ ልውጥ (ዘረመላቸው በሰው የተቀየረ) ባክቴሪያዎችን ፈቃድ ይመለከታል

ከባሕር ዳር ነው የምጽፍላችሁ። ነጭ ሽንኩርትን ከሥሩ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎቹን አፈር ውስጥ ይተዋል፤ እስከ 20 ዓመት ሳይሞቱ ይቆያሉ። እንዲህ ያለ ማሳ የያዘ ገበሬ በሰብሉ ሥር ሆኖ ፈንገሱን የሚገታ ባክቴሪያ ቢያገኝ ትልቅ እፎይታ ነው። ስለዚህ ምርምሩ ይከልከል አልልም።

ነገር ግን ባክቴሪያ እንደ ልውጥ ጥጥ አይደለም። ጥጡ ካልተፈለገ ይነቀላል፤ ማሳ ላይ የተለቀቀን ባክቴሪያ ማን ይለቅመዋል? የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያለብሱታል፤ ውሃው መልሶ የሚገባው ጣና ነው። ከሐይቁ የሚጠጣ፣ ዓሣ የሚያሰግር፣ ደንገል የሚያጭድ ሕዝብ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኔዘርላንድ ውስጥ ፌናዚን የተባለውን ፀረ ፈንገስ እንዲያመርት የተለወጠ ፕሴዶሞናስ ፑቲዳ የተባለ ባክቴሪያ በስንዴ ማሳ ተሞክሮ ነበር። በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩትን ሌሎች ፈንገሶችም ቀየረ፤ ለውጡ ጊዜያዊ ነበር። ይህ ያበረታታል። የተለካው ግን በዚያ አገር አፈር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበትን የእኛን ዋልካ አይወክልም።

ስለዚህ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው ቁጥር 896/2007 መሠረት ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ፣ ሙከራው በቅድሚያ በዝግ ቤት፣ ከፎገራና ከደምቢያ በመጣ አፈር ይደረግ። ከጎኑም ያልተለወጠ የአገራችን ባክቴሪያ ይሞከር፤ እሱ ሥራውን ከሠራ ልውጡ ለምን ያስፈልጋል? ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ዘረመሉ ወደ ሌላ ባክቴሪያ እንዳይሻገር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የዛፍ ሥር እባጭን ለመከላከል የወጣው ልውጥ ባክቴሪያ ዘረመል የሚያሻግርበት ክፍል ተቆርጦ የወጣለት ነበር። ከእኛም አመልካቾች ይኸው ይጠየቅ።

ጎርፍ በሚያለብሰው መሬት ላይ የሜዳ ሙከራ እስከዚያ አይፈቀድ። ማመልከቻው በአማርኛ ተጽፎ ከውሳኔው በፊት በየቀበሌው ይነበብ፤ የገበሬውና የዓሣ አስጋሪው አስተያየትም በጽሑፍ ተይዞ ከውሳኔው ጋር ይውጣ። በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤታችሁን መልስ በይፋ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የባሕር ዳር ነዋሪ